እናቴን ሰፈራችን ያለው የሰርቦች ጥብስ ቤት ልውሰዳት? (ቪየና፣ 16ኛ ወረዳ)

ኤደን_16
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ኦታክሪንግ ነው፤ 44 ቁጥር ትራም በሚያልፍበት መንገድ ላይ። ከእኛ ሕንፃ ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ የሰርቦች ጥብስ ቤት አለ። ትልቅ አይደለም፤ ስምንት ወይ ዘጠኝ ጠረጴዛ፣ ቀይና ነጭ ዳማ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከመንገድ በመስታወት የሚታይ የከሰል ምድጃ። ማታ ከሥራ ስመለስ ሽታው ገና ፌርማታው ላይ ይቀበለኛል። የበዓል ቀን ሰፈራችን የሚሸተውን ነው የሚሸተው፤ በየቀኑ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ያዘዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዶሮ ጥብስ፣ ተጠቅልሎ የሚወሰድ። የሌላውን ምንነት ስለማላውቅ እፈራለሁ።

አሁን እናቴ ከደሴ መጥታለች፤ ለሁለት ወር። እኔ ሥራ ስውል እሷ ቤት ተዘግቶባት ትውላለች። «ሰው ያለበት አውጪኝ» አለችኝ። መሀል ከተማ ካፌ ወሰድኳት፤ ኬኩን ቀመሰች፣ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ተመለስን። በጥብስ ቤቱ ባለፍን ቁጥር ግን ትቆማለች። ከሰሉን ታያለች።

አሳማ እሷም እኔም አንነካም። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ሳላጣራ «የበሬ ነው» ብያት ብትበላ ራሴን ይቅር አልልም። የምታውቁ ንገሩኝ፤ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ለእኛ የሚሆን ምን አለ? እንዴትስ ይጠየቃል?

የቄራ_ልጅ
እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ እዚሁ ቪየና አራት ዓመት የሰርቦች ኩሽና ውስጥ ፍም ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ የምነግርሽ በግምት አይደለም።

ሁለት ስም ያዢ። ቼቫፒ ማለት የተፈጨ ሥጋ በጣት ልክ ተድቦልቡሎ ፍም ላይ የሚጠበስ ነው፤ አምስት ወይ አሥር ፍሬ ይታዘዛል። ፕልዬስካቪጻ ያው የተፈጨ ሥጋ ነው፣ ግን እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ሳህኑን የሚሸፍን። ሥጋው ቀድሞ በጨው ይታሻል፣ ፍሪጅ ያድራል፣ በማግሥቱ እንደገና ይታሻል። ጥሩ ቤት ውስጥ የሚጨመርበት ቅመም ጥቂት ነው። ጣዕሙ ከሥጋው፣ ከእሽቱና ከከሰሉ ነው የሚመጣው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሰርቢያ ውስጥ ለሁለቱም ብዙ ጊዜ በሬና አሳማ ይቀላቀላል። ሜኑው በጀርመንኛ «ጌሚሽት» ካለ እዚህ አገር ትርጉሙ በሬና አሳማ ነው። በእነሱ ቋንቋ «ሜሻኖ» ነው። «ጎቬጄ» ወይም «ዩኔቼ» ካለ የከብት ነው። «ስቪኝስኮ» አሳማ። «ቴሌቼ» ጥጃ። «ያግኜቼ» በግ። «ፒሌቼ» ዶሮ። ራዥኚቺ የሚሉት በሽቦ የሚሰካው ጥብስ ዶሮ ካልተባለ አሳማ ነው። ቬሻሊጻ ደግሞ ሁልጊዜ አሳማ ነው ብለሽ ተዪው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ሌፒኛ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዳቦ ከማቅረባቸው በፊት ሥጋው ላይ ይጫኑታል፤ የወረደውን ስብ እንዲጠጣ። ጣፋጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ሥጋሽ የበሬ ቢሆንም ዳቦሽ የሌላ ሰው አሳማ ላይ አርፎ ሊሆን ይችላል። ዳቦው ፍርግርጉን ሳይነካ እንዲመጣልሽ ንገሪያቸው።

ሐያት
እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። እዚያው መንገድ ላይ የቦስኒያ ቤቶችም አሉ። የእነሱ ቼቫፒ የበሬ ወይም የበሬና የበግ ነው፤ ሐላል የሚል የተጻፈባቸው አሉ። ዳቦውን ሶሙን ይሉታል፤ ከሰርቦቹ ይልቅ ሳሳ ያለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከቤተሰቤ ጋር ሁልጊዜ እዚያ ነን፤ ልብሽ ሳይጠራጠር ትበያለሽ። ለእማማ ለመጀመሪያ ቀን ቀላሉ እሱ ይመስለኛል።

ኤደን_16
ሐያትዬ አመሰግናለሁ፣ እሱንም እሞክራለሁ። ግን ይሄኛው በራችን ላይ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ብዙ አያስኬዳትም። ባለቤቶቹም ያውቁኛል። ስገባ ሰውየው «ኮምሺኒጻ» ይለኛል። ምን ማለት ነው?

ትርሲት
ጎረቤቴ ማለት ነው፤ ለሴት። መልካም ምልክት ነው።

እኔ ግን የደረሰብኝን ልንገርሽና ተጠንቀቂ። ሌላ ሰፈር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገብቼ «የበሬ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አስተናጋጁ ራሱን ነቀነቀ። «ጉርማንስካ» የሚባለውን ፕልዬስካቪጻ አዘዝኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ አይብ ብቻ የመሰለኝ ነገር ውስጥ ቀይ ቀይ ቁራጭ አየሁ። ያጨሱት የአሳማ ስብ ነበር፤ ስላኒና ይሉታል። ልጁ የዋሸኝ አይመስለኝም፤ የተፈጨው ሥጋ በእርግጥ የበሬ ነበር። እኔ የጠየቅኩት ስለ ሥጋው ነው፣ እሱም የመለሰው ስለ ሥጋው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ስለዚህ «የበሬ ነው ወይ» አትበይ። «አሳማ የሚባል ነገር አለበት ወይ» በይ። በእነሱ ቋንቋ «ዳ ሊ ኢማ ስቪኝስኮግ?» ነው። ጉርማንስካ ከተባለ ደግሞ አይብና ስላኒና አብሮ ተፈጭቶ ይገባበታል፤ እለፊው።

የሰንበት_ተማሪ
ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። በሬውም አሳማውም አንድ ፍርግርግ ላይ ነው የሚጠበሰው። እናታችን ይህን ቢያውቁ የሚበሉ ይመስላችኋል? እኛ እንደለመድነው እሳቸው አልለመዱም። ማንንም ለመኮነን አይደለም፤ ግን ሳይነገራቸው የሚቀርብ ነገር ልክ አይደለም። ጉዳዩ የሚከብዳቸው ከሆነ የንስሐ አባታቸውን በስልክ ጠይቀው ቢወስኑ ይሻላል።

የቄራ_ልጅ
ወንድሜ ልክ ነህ፤ እኔም መደበቅ አለበት አላልኩም። ግን መፍትሔ አለው። እኔ የሠራሁበት ቤት አንዲት ቱርካዊት ደንበኛ ነበረችን፤ ስትመጣ የፍርግርጉን አንድ ጥግ በሽቦ ብሩሽ ፈትገን፣ እሳት ላይ አቆይተን፣ ለእሷ ብቻ እንጠብስበት ነበር። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከተለመነ ማንም ጥብስ ሠሪ እምቢ አይልም። ካልሆነ በንጹሕ መጥበሻ ይሠራልሻል፤ የከሰሉ ሽታ ቢቀንስም። ኤደን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ የማታው ሰው ሳይመጣ ሂጂ። በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው።

የቤልግሬዱ
ልጄ ኤደን፣ ጥያቄሽን ሳነብ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ወሰድሽኝ። ዩጎዝላቪያ በነበረችበት ዘመን ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኙት አንዱ ነኝ። ጃንሆይና ቲቶ ወዳጆች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የገለልተኛ አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤ ቤልግሬድ ሲደረግ ጃንሆይ ተገኝተዋል። እኛ የሄድነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በደርግ ጊዜ ቢሆንም የወዳጅነቱ ፍሬ ገና አላለቀም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነው። ኖቪ ቤኦግራድ ውስጥ ስቱደንትስኪ ግራድ በሚባለው የተማሪዎች መኖሪያ ነበርን።

የምነግርሽ ስለ ምግቡ ብቻ አይደለም። ሰርብ ሰፈሩ ያለውን ምግብ ቤት ካፋና ነው የሚለው፤ ቃሉ ከቡና የመጣ ነው። ሰው የሚገባው ለመብላት ብቻ ሳይሆን ለመቀመጥ ነው። ብቻሽን ገብተሽ ሰዓት ብትቆዪ ማንም ሒሳብ አያመጣብሽም፤ እስክትጠይቂ ይጠብቃሉ። ይህን እንደ ቸልተኝነት አትዪባቸው። እናትሽ የፈለጉት «ሰው ያለበት» እኮ ይኸው ነው።

አንድ ምክር አለኝ። ባለቤቶቹን «ስላቫችሁ መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ስላቫ ማለት እያንዳንዱ የሰርብ ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን የሚዘክረው የቤቱ ቅዱስ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የእኛ ዝክር ማለት ነው። ዳቦ ይጋገራል፣ ሻማ ይበራል፣ ለብዙዎቹ ቅዱሳን ስንዴ ተቀቅሎ ዋልነት ከሚባል ለውዝ መሰል ፍሬና ከስኳር ጋር ይቀርባል። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን «ይሄ የአያቴ ንፍሮ ነው» አልኳቸው። ደግሞ ስላቫ ላይ ሰው አይጠራም፤ ራሱ ነው የሚመጣው።

አቦል
ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በጁልያን አቆጣጠር ስለምትሄድ ገናቸው እንደ እኛ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ፋሲካም አብረን ነው። ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ። በአንድ ማኅበር ባንሆንም ጾሙ አንድ ነው የሚመስለው። የጾም ምግብ «ፖስኖ»፣ የፍስኩ «ምርስኖ» ይባላል። ረቡዕ ቀን ገብተሽ «ፖስኖ» ብትይ ማብራሪያ አያስፈልግሽም። እንዲያው ዓሣን በብዙ የጾም ቀን ይፈቅዳሉ፤ የእኛ ሰው በዚህ ስለማይስማማ እሱን ለእማማ ተዪላቸው።

ለጾም የሚሆነው ፕሬብራናጽ ነው። ነጭ ቦሎቄ በብዙ ሽንኩርትና ዘይት ምድጃ ውስጥ ከላይ እስኪደርቅ የተጋገረ። ተጠንቀቂ፣ ፓሱል የሚባለውም ያው ቦሎቄ ነው ግን ሾርባ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያጨሱት አሳማ አለበት። አይቫርም ይሆናል፤ ቀይ ቃሪያ ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ በዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ። ድልህ ይመስላል፣ ግን አብዛኛው አያቃጥልም። ሰላጣ ሲሆን ሾፕስካ አይብ አለበት፤ «ስርፕስካ» ያለ አይብ ነው።

ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ የሚረዳሽ ነገር አለ። ሜኑ ላይ ከምግቡ ስም ጎን በላቲን የተጻፉ ፊደሎች አሉ፤ የአለርጂ መረጃ መስጠት ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ብዙዎቹ የሚጽፏቸው ናቸው። «ጌ» (G) የሚባለው ፊደል ወተት ማለት ነው፣ «ፄ» (C) የሚባለው እንቁላል። ሁለቱ ከሌሉና ሥጋ ከሌለው ለጾም ትጠጊያለሽ ማለት ነው። አሳማን ግን በፊደል አይጠቁሙም።

ተጓዥ_ቺካጎ
እዚህ ቺካጎም ሰርቦች ብዙ ናቸው፤ ከታክሲ ሥራ ስወጣ የምበላው እነሱ ጋ ነው። ካይማክ ማዘዝ እንዳትረሱ። ስልባቦት ነው ብላችሁ አስቡት፤ ተጠራቅሞ፣ ጨው ገብቶበት፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ትኩስ ሥጋ ላይ ሲቀልጥ ለጋ ቅቤ እንደፈሰሰበት ነው።

ኤደን_16
ዛሬ ገብቼ ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ፣ የሰውየው ሚስት፣ ስላቫ ስል ዓይኗ በራ። «አራንጄሎቭዳን፣ 21 ኖቬምበር» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየችኝ። ቅዱስ ሚካኤል ነው። ቤቴ ገብቼ ቀኑን ስቆጥረው ኅዳር 12 ሆነ! ኅዳር ሚካኤል! እናቴ ምንም አላልኳትም ገና። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የቤልግሬዱ
ዘንድሮ ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ነው የሚውለው፤ የገና ጾምም በሁለታችንም ዘንድ አልገባም። እግዜር ያዘጋጀልሽ ነው፤ ሂጂ። የሥጋውን ነገር ግን ቀደም ብለሽ ጨርሺ። ባዶ እጅሽንም አትግቢ፤ ቡና ይዘሽ ሂጂ።

የቄራ_ልጅ
ጥሬ ቡና እንዳትወስጂ፤ ቆልተሽ አስፈጭተሽ ነው። በእነሱ የቡና ማፍያ በጀዝቫ ዱቄቱ አብሮ ስለሚፈላ ልም ይፈልጋል።

ኤደን_16
እንደምን ሰነበታችሁ። ዝርዝሩን ልጻፍላችሁ፤ ሁላችሁም ድርሻ አላችሁበት።

ባለፈው ማክሰኞ ብቻዬን ሄጄ ከሰውየው ጋር ተነጋገርኩ። አሳማ እንደማንበላ፣ እናቴ ከኢትዮጵያ እንደመጣች፣ ኦርቶዶክስ እንደሆንን ነገርኩት። በመጀመሪያ ግራ ገባው። ኦርቶዶክስ ሆኖ አሳማ አለመብላት አልገባውም። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ኩሽና ወስዶ ሁለት ሳህን የተፈጨ ሥጋ አሳየኝ፤ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ሐመር። «ይሄ ዩኔቼ ብቻ ነው፣ ይሄ ሜሻኖ» አለ። ለእኛ የሚሆነውን ለብቻው በሌላ መጥበሻ ሊሠራው ተስማማን። ዳቦውን ከምድጃ ቀጥታ።

ለእናቴም ሁሉንም ነገርኳት፤ የፍርግርጉንም። ጥቂት አሰበችና «በሌላ ዕቃ ከሆነ ምን አለበት» አለች። የንስሐ አባቷን ደውላ ጠየቀች። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ ግን ነጠላዋን ለበሰች።

10 ሰዓት ላይ ገባን። ሥዕሉ ሥር ረጅም ሻማ በርቷል፣ ከጎኑ ድፎ ዳቦ የሚያህል ክብ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ከሊጥ የተሠራ መስቀልና ወፍ። እናቴ ከበሩ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች። ቀና ብላ ሥዕሉን አየች፣ ክንፉን፣ ሰይፉን። «ሚካኤል» አለች። አማተበችና እጅ ነሳች። ሴትዮዋ ከባንኮኒው ጀርባ ታያት ነበር። መጥታ ክንዷን ይዛ ሥዕሉ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። አንድም ቃል አይግባቡም።

ስንዴውን ጠብቄ ነበር፣ ጋሼ። የለም። ስጠይቅ ሰውየው «ለሚካኤል አንቀቅልም፤ የሚቀቀለው ለሞቱት ነው፣ መልአክ አይሞትም» አለኝ። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች።

ባለቤቱ መጀመሪያ ራኪያ አቀረበልን፤ ከፕለም የወጣ አረቄ። ብርጭቆው አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ ቁርጥ ትንሽ ብርሌ! እናቴ አልጠጣችም፤ ብርጭቆውን ግን አንስታ በእጇ አገላብጣ አየችው። ቼቫፒው መጣ፤ አሥር ፍሬ፣ ከጎኑ በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት ክምር። ካይማኩ በትንሽ ሳህን። ሌላ ሳህን ላይ ኡርኔቤስ፤ አይብ በሚያቃጥል በርበሬ የታሸ። እናቴ እጇን ታጠበች። ሹካውን ወደ ጎን አድርጋ ዳቦውን ቆረሰች፣ በእሱ ሥጋውን ይዛ፣ ሽንኩርት ጨምራ፣ ኡርኔቤሱን ነካ አድርጋ የመጀመሪያውን ለእኔ አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ለሴትዮዋ ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

እናቴ ስድስት በላች። ቤት ውስጥ ሁለት ጉርሻ የምታስቸግረኝ እናቴ። ያልወደደችው አይቫሩን ነው፤ «ጣፈጠብኝ፣ በርበሬ እንዲህ መጣፈጥ የለበትም» አለች። ማንም ሒሳብ አላመጣም። በመጨረሻ ሰውየው ያመጣንለትን ቡና በጀዝቫ አፍልቶ አቀረበ፤ ውሃ በብርጭቆ፣ አንዲት ራትሉክ የምትባል ለስላሳ ጣፋጭ። እናቴ ሦስት ጠጣች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መሆኑን ነገርኩት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዚያው አተላ እንደገና እንደሚፈላ ሲሰማ ሳቀ፣ ግን አደረገው። ስንወጣ ሒሳቡን በግድ ከፈልኩ፤ የእናቴን ግን ሊቀበለኝ አልፈለገም።

ሐያት
አልሐምዱሊላህ፣ አንጀቴ ራሰ። እማማን በሰላም ያቆይልሽ። አሁን ደግሞ ቦስኒያዎቹ ጋ ይዘሻቸው ነይ፤ እኔም እመጣለሁ።

የሰንበት_ተማሪ
እህቴ፣ ሁሉን ነግረሽ መውሰድሽ ደስ ብሎኛል። በረከቱ ይደርብሽ።

የቤልግሬዱ
ስንዴው ለምን እንደሌለ መገመት ነበረብኝ፤ የእኔ ጓደኞች ቤት የኒኮላ ስላቫ ስለነበረ ነው ንፍሮው የማይረሳኝ። የኒኮላ ዲሴምበር 19 ነው፣ ሁልጊዜ ጾም ውስጥ ስለሚውል በዓሣና በቦሎቄ ነው የሚያከብሩት። እናትሽ እስከዚያ ካሉ ይህን ጠይቂ፤ ሰፈሩ ውስጥ ኒኮላ የሚዘክር ቤት አይጠፋም።

ኤደን_16
እስከ ገና አለች፣ ጋሼ። አሁን ጾሙ ስለገባ ዛሬ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ቤት አጣኋት። ደነገጥኩ። ወርጄ ስሄድ ጥብስ ቤቱ ውስጥ፣ ሥዕሉ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከሴትዮዋ ጋር ነጭ ቦሎቄ እየለቀመች ነው። ትሪው መሀላቸው። ሴትዮዋ «ፖስኖ፣ ፖስኖ» አለችኝ። እናቴ ቀና ብላ «ነገ የሚጋገረው ነው፤ ሽንኩርቱ አንሷል ብዬ ልነግራት ነበር፣ በምን ቋንቋ» አለች።

አቦል፣ «ሽንኩርት ጨምሪ» በሰርብኛ እንዴት ይባላል?

አቦል
«ዮሽ ሉካ።»